የመኩሪያ ባሕርና የእንቁ ጠበል

መኩሪያ ቡፌውን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት የገፋ ዕለት ባለቤቱ እንቁ አኮረፈች። ራቱን አቀረበችለትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። እውነቷን ነው። የቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ምን ያህል እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ በአንዱ ወገን በር፣ በአንዱ ወገን መስኮት፣ በአንዱ ወገን ሶፋ፣ ዕቃ የሚያስደግፍ ግድግዳ አንድ ብቻ። በዚያ ግድግዳ ላይ ከነብርጭቆዎቹና ከነልጃቸው የምረቃ ፎቶ የቆመውን ቡፌ አንስቶ፣ በምትኩ ከሆቴል የወጣ አሮጌ የመስታወት ገንዳ ያቆመ ባል ኩርፊያ ሲያንሰው ነው።

"ምን ሊገባበት ነው?" አለች በመጨረሻ፣ ዝምታው እሷኑ ሲያደክማት።

"ባሕር" አላት።

እንቁ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ሰውዬው ከመኪና ከወረደ ወዲህ ጤናው እንደሚያሳስባት ለጎረቤቶቿ መናገር የጀመረችው ግን ያኔ ነው።

መኩሪያ ዕድሜውን የጨረሰው በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ከባድ መኪና ከነተሳቢው እየነዳ ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ብረት፣ የሰው ሁሉ ዕቃ አመላልሷል። ኋላ ስኳር በሽታው ቀኝ ዓይኑን እያደበዘዘው መጣና፣ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ የዓይን ምርመራውን ወደቀ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ቦታው ሶፋው ሆነ። ጠዋት ተነስቶ ይለብሳል፣ ጫማውን አጥብቆ ያስራል፣ ከዚያ የሚሄድበት የለም። ይህን ማየት የእንቁን አንጀት ይበላት ነበር፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለባል በምን አፍ ይነግሩታል? እሷ የምታውቀው መንገድ ሌላ ነው። በየሳምንቱ ታክሲ እየቀያየረች እንጦጦ ትወጣና ለዓይኑ የሚሆን ጠበል በትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዛለት ትመለሳለች። እሱ "እሺ፣ እሺ" እያለ አንዳንዴ ይታጠበዋል፣ ብዙውን ጊዜ ይረሳዋል። እሷ ግን ራሷም በባዶ ሆዷ ትጠጣዋለች፤ አንድም ቀን ረስታ አታውቅም።

የባሕሩ ነገር የተጀመረው ወሎ ሰፈር ነው። አንድ ቀን ከሐኪም ሲመለስ ታክሲ ጠፋና መኩሪያ እግር ጥሎት አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመ። የጌጥ ዓሣ መሸጫ ነው። ፊት ለፊት በተደረደሩት ገንዳዎች ውስጥ ወርቃማ ዓሦች ይዋኛሉ፤ እነሱን አልፎ ወደ ውስጥ ሲያይ ጥግ ላይ ካለች አንዲት ገንዳ ላይ ዓይኑ ተተከለ። ነጭ ቀበቶ ያሰረች ብርቱካንማ ዓሣ፣ አጠገቧም እንደ ሕፃን እጅ ጣቶቹን ዘርግቶ ቀስ እያለ የሚወዛወዝ ነገር።

ከዓመታት በፊት ጅቡቲ የጭነት ወረፋ እየጠበቀ ሳለ፣ ሙቀቱ ቢያቃጥለው ከወደቡ ራቅ ብሎ ሄዶ ሱሪውን ሰብስቦ ባሕር ውስጥ ቆሞ ነበር። ውሃው ሸሽቶ ከጉልበት በታች ሆኗል። ጎንበስ ሲል ይህንኑ አየ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ ሲወጣ። ያን ቀን ያየውን ለማንም አውርቶ አያውቅም። ሾፌር ስለ ዓሣ ቀለም ቢያወራ ጓደኞቹ ዕድሜ ልኩን የሚጠራበት ስም ያወጡለታል።

"ይሄ የሚወዛወዘው አበባ ነው?" ብሎ ባለሱቁን ጠየቀ።

ባለሱቁ ሃይደር ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ወሬ የማይጠላ። "ኮራል ነው ጋሼ። ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሲከፋው ይኮማተራል።"

"ቤት ውስጥ ይኖራል?"

"ይኖራል፤ ግን ኪስ ይጎዳል። ዓሣውን ትተው ጨውን ይዩ። ከውጭ የሚመጣ ልዩ ጨው አለ፣ እሱን በንጹሕ ውሃ እየበጠበጡ ነው።"

"የሱቅ ጨውስ?"

"እሱ ለወጥ ነው ጋሼ።"

መኩሪያ በጡረታው አቅም ነገሩን አሰበው። ደግሞ አሰበውና ሳቁ መጣ። ሰው ከባሕር ጨው አውጥቶ፣ በከረጢት አሽጎ፣ ባሕር አሻግሮ ለመኩሪያ ይሸጥለታል? ባሕሩ ራሱ የት እንዳለ እሱ አጥቶት ነው?

ያኑ ዕለት ለአብዱልጀባር ደወለ። አብዱልጀባር ጥንት የመኩሪያ ረዳት ነበር፤ ዛሬ በዚያው መስመር የራሱን መሪ ጨብጧል።

"ጋሼ፣ ሰው ሽቶ አምጣልኝ ይላል፣ ቴሌቪዥን አምጣልኝ ይላል። እርስዎ ውሃ?"

"ከወደቡ ዳር እንዳትቀዳ፣ ናፍጣ አለበት። ራቅ በል። ጀሪካኖቹንም ደህና አድርገህ እጠባቸው።"

አብዱልጀባር በየጉዞው በትንንሽ ቢጫ ጀሪካን ያመጣለት ጀመር። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ይህ ሁሉ ጀሪካን ነዳጅ ነው ብሎ አንዱን ከፈተ፤ አሸተተው፣ አልገባውም፤ ቀመሰውና እየተፋ "ምን ልታደርጉት ነው?" ሲል ጠየቀ። "አለቃዬ ባሕር ናፈቀኝ ብሎ ነው" አለው አብዱልጀባር። ፈታሹ አዝኖ አሳለፈው።

ሌላውም ሁሉ በዚሁ ዓይነት ተሟላ። ገንዳው የሚታደስ ሆቴል አውጥቶ የጣለው ነው፤ አንድ ማዕዘኑ ያፈስ ነበርና የአልሙኒየም በር የሚሠሩ ልጆች በሲልከን ደፈኑለት። የአዲስ አበባን የሌሊት ብርድ የሚከላከል ማሞቂያና ትንሽ ፓምፕ ሃይደር ከአሮጌ ዕቃዎቹ መርጦ ሰጠው። መብራት ሲጠፋ አየሩ እንዳይቋረጥ ደግሞ መኩሪያ ከጋራዥ ያገኘውን አሮጌ የመኪና ባትሪ ሶፋው ሥር አስቀምጦ ሽቦ ዘረጋበት። እንቁ ያን ባትሪ ባየችው ቁጥር እግሯን ሶፋው ላይ ትሰበስባለች።

ልጃቸው ፀደንያ ኤርፖርት ትሠራለች፤ ማታ ስትገባ ስልኳን ይዛ ከአባቷ ጋር ስለ ባሕር ዓሣ ማንበብ ለመደች።

"አባዬ፣ ዓሣ አሁን አይገባም። መጀመሪያ ሳይክል ማድረግ አለበት። ባክቴሪያው ድንጋዩ ላይ ሴትል ካላደረገ ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል።"

"ሴትል ምንድነው?"

"ይደላደል ማለት ነው በቃ። ሳምንታት ይፈጃል።"

እናም መኩሪያ ለሳምንታት ሶፋው ላይ ተቀምጦ ድንጋይና ውሃ ሲያይ ከረመ። እንቁ በፊቱ ባለፈች ቁጥር ቆም ትላለች። "ይሄን ለማየት ነው ቡፌዬን ያነሳኸው?" ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

በመጨረሻ ዓሣዋ ገባች። ብርቱካንማዋ፣ ባለ ነጭ ቀበቶዋ። ሃይደርም ጣቶቹን ከሚዘረጋው ኮራል ቆርጦ፣ በትንሽ ድንጋይ ላይ አጣብቆ መረቀለት። መኩሪያ ዓሣዋን ቶሚ አላት።

"ቶሚ የውሻ ስም ነው" አለች እንቁ።

"ይቺም ጠባቂ ናት። እጄን ሳስገባ ልትነክሰኝ ትመጣለች።"

እውነትም ትመጣለች። ይህን ያህል ደፋር ፍጥረት አይቶ አያውቅም። ጠዋት ገና ሳይለብስ ሄዶ ያያታል፤ ማታ ፀደንያ ስትገባ ቶሚ የዋለችውን ሁሉ አንድ በአንድ ይነግራታል። ከላይኛው ፎቅ ያሉ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ሊያዩ ወረዱ። አንድ ቀን እንቁ ወጥ ቤት ሆና ከሳሎን የሳቅ ድምፅ ሰማች። እንግዳ የመጣ መስሏት ብቅ ብትል መኩሪያ ብቻውን ነው። ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ ሽንኩርቱን እየከተፈች ዓይኗ ያለቀሰው ግን በሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም።

ታዲያ ደስታው ብዙም አልሄደ። በጋው ገባ፣ አየሩ ደረቀ፣ የገንዳው ውሃ በየቀኑ ይጎድል ጀመር። ይህ ለመኩሪያ አዲስ ነገር አይደለም። የሞተር ዘይት ሲጎድል በምን ይሞላል? በዚያው ዘይት ነዋ። ሌላ ዓይነት የቀላቀለ ሾፌር ሞተሩን ያቃጥላል። ስለዚህ ውሃው በጎደለ ቁጥር ከአብዱልጀባር ጀሪካን እየቀዳ ባሕሩን በባሕር ሞላው። ማንንም አልጠየቀም፤ ይሄ የሚጠየቅ ነገር አልመሰለውማ።

ኮራሉ መጀመሪያ ጣቶቹን አጠፈ፣ ቀጥሎ ጨርሶ ተኮማተረ። ቶሚ ጥግ ይዛ በረጅሙ መተንፈስ አበዛች። መኩሪያ ማሞቂያውን ነካካ፣ ፓምፑን ፈትቶ አጠበ፣ ምግቧን ቀነሰ። ለሃይደር ቢደውል "ውሃው ጎድሎ ይሆን?" ሲል ጠየቀው፤ "ኧረ በየቀኑ እሞላለሁ" አለ መኩሪያ፤ በምን እንደሚሞላ ግን አንዱ አልጠየቀ፣ አንዱ አልተናገረ። መኩሪያ እንደ ድሮው ጠዋት ጫማውን አስሮ ሶፋው ላይ መቀመጥ ጀመረ።

በዚህ መሐል የፀደንያ ሽማግሌዎች እሑድ እንደሚመጡ ተሰማ። ቤቱ ተተራመሰ። ግድግዳ ይቀባ፣ መጋረጃ ይታጠብ፣ ሶፋ ልብስ ይልበስ። እንቁ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች።

"መኩሪያ፣ ሽማግሌ የሚሞት ዓሣ እያየ ልጅ አይጠይቅም። ቡፌው ወደ ቦታው ይመለስ። ይሄንን ያ ባለሱቅ ልጅ ይውሰደው፤ ምናልባት እዚያ ትድንለት ይሆናል።"

መኩሪያ ወደ ገንዳው ዞሮ አየ። ይህ ገንዳ ከወጣ ነገ ጠዋት ምን ሊያይ ይነሳል? ግን ቶሚን ዓይኑ እያየ መግደል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

"እሺ" አላት። "ቅዳሜ ይውሰደው።"

ቃሉን ሰጠ፤ መኩሪያ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

ቀለም ቀቢው ሲመጣ ፀደንያ ከየጥጉ ያለውን ዕቃ ሁሉ በረንዳ ላይ አወጣች። ቡልቡላ ውስጥ ውሃ በወረፋ ስለሆነ የማንም ቤት ጀሪካን ሞልቶታል፤ እዚህ ቤት ደግሞ የአባቷ ባሕርና የእናቷ ጠበል ተጨምሮበታል። ሁሉንም ቢጫ ቢጫውን አሰልፋ ደረደረቻቸው። ሐሙስ ከሰዓት መኩሪያ የስንብት ያህል ውሃውን ሊሞላ ወጣ፣ በዚያ ደብዛዛ ዓይኑ አንዱን አንስቶ ገባና እስከ መጨረሻው ገለበጠው።

አርብ ጠዋት ወደ ገንዳው ሲሄድ አልተጣደፈም። የሚያየውን ያውቀዋል ብሎ ነበር። ኮራሉ ጣቶቹን በግማሽ ዘርግቷል። ቶሚ ከጥጓ ወጥታ መሐል ላይ ትዞራለች፤ ጣቱን መስታወቱ ላይ ቢያደርግ እንደ ጥንቱ ልትነክሰው መጣች። መኩሪያ አፉን በእጁ ያዘ። እንቁን ሊጠራ ዞር ሲል ከወጥ ቤት በኩል የማስመለስ ድምፅ ሰማ።

ሮጦ ሄደ። እንቁ መታጠቢያው ላይ ተደግፋ ትስቃለች።

"ምን ሆንሽ?"

"ተመስገን በል! ጠበሉ አወጣልኝ። የሆዴን ሁሉ ጠርጎ አወጣልኝ። የዛሬው ኃይሉ ሌላ ነው። ና፣ ና አንተም ዓይንህን፣ እምቢ እንዳትለኝ።"

እምቢ አላለም። ጎንበስ አለ፣ ከጣሳው አፍስሳ ፊቱን አጠበችው። ዓይኑን ቆጠቆጠው። ውሃው በጉንጩ ወርዶ ከንፈሩ ላይ ደረሰና መኩሪያ ሳያስበው ላሰው።

ጅቡቲ ነው። ያለ ጥርጥር ጅቡቲ ነው። ያንን ጨው እሱ ያጣዋል?

ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ፊቷ እንዲህ ሲያበራ ካየ ቆይቷል። አንድ ልቡ ዝም በል አለው። ቢነግራት ጠበሏን ገንዳ ውስጥ እንደደፋው ታውቃለች፤ ለገንዳው የቀረችው አንዲት ቀን ራሷ ትቀራለች። ባይነግራት ነገም፣ ከነገ ወዲያም ተነስታ ባሕር ትጠጣለች።

"እንቁ፣ ይሄ ጠበል አይደለም።"

"ምን?"

"ይሄ የኔ ውሃ ነው። የአብዱልጀባር ጀሪካን ነው። ተቀያይረውብናል።"

እንቁ ጣሳውን አየች፣ ጫፉን ቀመሰችው፣ አፏን ጠረገች። "የኔውስ?" አለች። "የኔው ጠበል የት ሄደ?"

መኩሪያ ዞሮ ወደ ሳሎን አየ። እሷም ዞረች።

"ለዓሣ!" አለች። "እንጦጦ ድረስ ወጥቼ ላንተ ዓይን ያመጣሁትን ለዓሣ! እኔ ደግሞ የዓሣ ውሃ ጠጥቼ ተመስገን እላለሁ!" ወንበር ስባ ዘጭ አለች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንባው እምቢ አላት፤ እየቆየ ያ ሳቋ ሳይወድ በግድ ተመለሰ።

"ድናለች" አላት መኩሪያ ቀስ ብሎ።

"ማን?"

"ቶሚ።"

እንቁ ተነስታ ሄዳ ገንዳው ፊት ቆመች። ቶሚ መጥታ መስታወቱን ነከሰችባት። እንቁ አማተበች።

ለሃይደር ደወሉለት፤ መኩሪያ የሆነውን ሁሉ ዘረዘረለት። ሃይደር ስልኩ ውስጥ ጮኸ። "ጋሼ! በባሕር ውሃ ነበር እንዴ የሚሞሉት? ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም እኮ! እዚያው ነው የሚቀረው። እርስዎ ጨው ላይ ጨው እየጨመሩ ነበር። ለጎደለው የሚጨመረው ጨው የሌለው ውሃ ብቻ ነው። የትላንቱ የምን ውሃ ነው? የቧንቧ ከሆነ ክሎሪን አለበት።"

"የምንጭ ነው።"

"ጥሩ ምንጭ ነው። የት ይሸጣል?"

"አይሸጥም" አለች እንቁ ከኋላ።

መኩሪያ ስሕተቱ ያኔ ገባው። ዘይትና ባሕር አንድ አይደሉም። እንቁ ግን የሃይደርን የጨው ትንተና በአንድ ጆሮዋ ነው የሰማችው፤ እሷ ያየችውን አይታለች፤ መኩሪያም ሊከራከራት አልፈለገም። ቡፌው ግን ነገ መመለስ ነበረበት፣ ቃሉም ቃል ነበር፤ ስለ ገንዳው ሁለቱም አላነሱም። መኩሪያ አርብን ሙሉ ቶሚ ፊት ተቀምጦ ዋለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሃይደር ባዶ ባልዲና የጎማ ቱቦ ይዞ መጣ። መኩሪያ ማሞቂያውን ነቀለለት። ሃይደር ለጉዞ የሚሆነውን ውሃ በባልዲው ቀዳና የቀረውን ሊያፈስ ቱቦውን ወደ መታጠቢያ ቤት ዘረጋ።

"የት ልታፈሰው ነው?" አለች እንቁ። ከመኝታ ቤት የቡፌውን ብርጭቆዎች ይዛ ወጥታ ነው።

"ሽንት ቤቱ ውስጥ ነዋ፣ እትዬ።"

"ጠበል አለበት!"

ሃይደር ቱቦውን እንደያዘ ቆመ። ሙስሊም ነው፤ በዚህ ነገር እጁን የሚያስገባበት ምክንያት የለውም። መኩሪያን አየ።

"ጠበል ሽንት ቤት አይደፋም" አለች እንቁ። "እግር የሚረግጠውም ቦታ አይደፋም። የትም አይደፋም። ቱቦህን አውጣልኝ።"

"ባይፈስ እኮ አይነሳም እትዬ። መስታወቱ ይሰነጠቃል።"

"አይነሳ እንግዲህ!"

"ሽማግሌዎቹስ?" አለ መኩሪያ። ድምፁ ውስጥ ተስፋ እንዳይሰማበት እየተጠነቀቀ ነበር። "ቡፌውስ?"

"ሽማግሌ የሚመጣው ልጅ ሊጠይቅ ነው፣ ብርጭቆ ሊቆጥር ነው እንዴ?"

መኩሪያ ቢዘል፣ ቢስቅ፣ ቢያቅፋት ደስ ባለው ነበር። ነገር ግን ሚስቱን በሃይማኖቷ አስገድዶ ያገኘው ገንዳ እንዲሆንበት አልወደደም፤ ቃሉንም ሰጥቷል። የንስሐ አባቷን የአባ ገብረአምላክን ቁጥር ከስልኩ ፈልጎ አወጣ።

"አባን እንጠይቃቸው" አላት። "ጥቂት ጠበል ነው፣ በዚያ ሁሉ ባሕር ተበርዟል። ምናልባት ችግር የለውም፣ ንጹሕ መሬት ፈልጋችሁ ድፉት ይሉ ይሆናል። እሳቸው ያሉሽን እናደርጋለን፤ እኔ ቅር አይለኝም። እንኪ፣ ደውዪላቸው።"

ስልኩን ዘረጋላት። እንቁ ብርጭቆዎቹን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ስልኩን አየችው፤ አልተቀበለችውም። ለትንሹም ለትልቁም አባን ሳትጠይቅ እርምጃ የማትራመድ ሴት ናት፤ ለመጋረጃ ቀለም እንኳ ጠይቃ ታውቃለች።

"አልደውልም" አለች።

"ለምን?"

ዓይኗን ከገንዳው ላይ ሳታነሳ መለሰችለት።

"ድፉት ቢሉኝስ?"

ሃይደር በባልዲው የቀዳውን ውሃ ወደ ገንዳው መለሰና ቱቦውን ጠቀለለ። መኩሪያ ግን ስልኩን እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ።